ስኮርታ የሌለው መኪና፦ ራን ፍላት ወይስ መደበኛ ጎማ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የ2013 ሞዴል ቢኤምደብሊው 320 አለኝ። የምኖረው አያት፣ የምሠራው ሳር ቤት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ያህል ደግሞ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሐዋሳ እናቴ ዘንድ እንሄዳለን። መኪናው ስገዛው ጀምሮ ስኮርታም ክሪክም የለውም፤ አራቱም ጎማ 225/50 አር 17 ራን ፍላት ነው። ባለፈው ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የፊት ቀኙ ጎማ ጎኑ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እባጭ አወጣ። ጎማው ላይ 3617 የሚል ቁጥር አለ። ጎሚስታው ‹ይሄን ድንጋይ ጥለህ ኖርማል ጎማ እሰርበት› አለኝ። ጓደኛዬ ግን ‹ያለ ስኮርታ ኖርማል ጎማ ማሰር ልጆችህን መንገድ ላይ ማሳደር ነው› ብሎ አስፈራራኝ። አንዱን ብቻ ልቀይር ወይስ አራቱንም? ራን ፍላቱን ከዱባይ ላስመጣስ?» — ግራ የገባው ከአያት

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በዚያ እባጭ ባወጣ ጎማ ሐዋሳ አይሂዱ፤ ቀለበት መንገድም አይውጡበት። እባጭ ማለት ጎማው ጎን ውስጥ ያለው ክር ተበጥሶ አየሩን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው ማለት ነው። ጉድጓዱ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ሲጨፈልቀው ክሩ ይበጠሳል። ይህ አይለጠፍም። «ካላማዳሪያ ክተትበትና ንዳው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ካላማዳሪያው አየሩን ይይዛል እንጂ የተበጠሰውን ክር አይቀጥልም፤ ጎማው በፍጥነት ላይ ሲሞቅ እባጩ ካለበት ቦታ ይፈነዳል። ራን ፍላት መሆኑም አያስጥለውም። ራን ፍላት ማለት አየር ቢያልቅበትም ጥቂት ርቀት የሚሄድ ጎማ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናውን የሚሸከመው በጎኑ ነው፤ ጎኑ ራሱ ከተጎዳ በምን ይሸከማል?

3617 የተመረተበት ጊዜ ነው፦ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2017 36ኛው ሳምንት፣ በእኛ የ2009 ዓ.ም. ጳጉሜ አካባቢ። ዛሬ ማታ የእጅ ባትሪ ይዘው የሌሎቹን ሦስት ጎማዎች ቁጥር ያንብቡ። ቁጥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ካላገኙት በውስጥ በኩል ነው፤ መሪውን ጥግ ድረስ ቢያዞሩ የፊቶቹ ይታያሉ። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲወገድ ያሳስባሉ። ለአዲስ አበባ ፀሐይና ጉድጓድ እኛ ከ6 እና 7 ዓመት በላይ አንመክርም። ሦስቱም የዚያው ዘመን ከሆኑ «አንዱን ወይስ አራቱን?» ያሉት ጥያቄ ተመልሷል። አራቱንም ይቀይሯቸው።

አሁን ወደ ጎሚስታውና ወደ ጓደኛዎ ክርክር እንምጣ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ።

ራን ፍላትና መደበኛ ጎማ ጎን ለጎን ቢቆሙ በመልክ አይለዩም። ልዩነቱ ጎናቸው ውስጥ ነው። ቸርኬ ላይ ያልታሰረ መደበኛ ጎማ ጎኑን በእጅዎ ቢጫኑት እሺ ብሎ ይገባል። የራን ፍላቱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ውስጡ የጨረቃ ግማጅ የመሰለ፣ ሙቀት የሚችል ወፍራም ላስቲክ ተጨምሮበታል። መደበኛ ጎማ አየሩ ሲያልቅ ጎኑ እንደ ጨርቅ ይታጠፍና ቸርኬው ይረግጠዋል፤ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ተቆራርጦ ያበቃል። ራን ፍላቱ በዚያ ወፍራም ጎኑ መኪናውን ተሸክሞ ይሄዳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዞቹ ትንሽ መኪና ሚኒ 1275 ጂቲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ከደንሎፕ ኩባንያ እንዲህ ያለ ጎማ በአማራጭነት ይዛ ወጥታ ነበር።

አሁን የተለመደው ልክ ያለ አየር 80 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ነው። ይህ ግን ለሁሉም ጭነት እኩል አይሠራም። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል፤ ጭነቱ በከበደ መጠን ሙቀቱ ይፈጥናል። የቆዩ የቢኤምደብሊው መመሪያዎች ሙሉ ጭነት ላለው መኪና የሚሰጡት ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አራት ሰውና የበዓል ዕቃ ጭነው በምሳ ሰዓት በባቱ በኩል ሲያልፉ ከ80ው ይልቅ 50ውን ይያዙ።

እንግዲህ እነዚያ ኪሎ ሜትሮች የት ያደርሳሉ? ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው እንጂ የጎማው ጥራት አይደለም። መኪናው በተሠራበት በጀርመን 80 ኪሎ ሜትር ማለት ያንኑ ልክ፣ ያንኑ ዓይነት ጎማ መደርደሪያው ላይ ያለው፣ ለጠንካራ ጎማ የሚሆን ማሽን ያለው ሱቅ ማለት ነው። ስኮርታው የቀረው በዚህ ስሌት ነው። በሐዋሳ መንገድ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ አሉ፤ ጎሚስታ የሌለበት ከተማ የለም። መድረሱንስ ይደርሳሉ። ከደረሱ በኋላ ግን ያ ጎሚስታ 225/50 አር 17 ራን ፍላት ከየት ያመጣል? አየር አልቆበት የተነዳውን ጎማ ደግሞ መለጠፍ አይገባም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሰፋ አድርገን እንንገርዎ። ያለ አየር የተነዳ ራን ፍላት ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሲታይ ግን እንደ ቡና ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ ይገኛል፤ የጎኑ ውስጠኛ ገጽም ዙሪያውን ተሸብሽቦ መስመር ያወጣል። ብናኙ ከራሱ ከጎማው እየተፋቀ የወጣ ላስቲክ ነው። ሚስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ወትፎ፣ አየር ሞልቶ የሚሸኝዎት ጎሚስታ ይህን አላየውም፤ የቀጠለው 200 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ የተደረሰበትና ቀዳዳው መንገድ በሚነካው ፊቱ ላይ የሆነ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ራን ፍላት ከሆነ ከፊሉ አምራች አንድ ጊዜ ከውስጥ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል፤ ከፊሉ ጭራሹን አይፈቅድም። አሮጌ ራን ፍላት አይግዙ የምንለውም ለዚሁ ነው። ባለቤቱ ያለ አየር ነድቶት እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም።

ስለዚህ ለእርስዎ፣ ሐዋሳ በወር ሁለት ጊዜ ለሚመላለስ ቤተሰብ፣ ምክራችን ግልጽ ነው፦ አራት መደበኛ ጎማ፣ ከእነርሱ ጋር አምስተኛ ሙሉ ስኮርታ። ስኮርታውን ካልገዙ ግን ጓደኛዎ ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ መደበኛውን አይሰሩ። ጎሚስታው ያልነገረዎት ይህንን ግማሹን ነው።

ስለ ምቾቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ያገኙት ጉድጓድ ላይ ለውጡን ያውቁታል። ራን ፍላት ጎኑ ስለማይታጠፍ ጉድጓዱን ለቸርኬውና ለሾኩ ያቀብለዋል፤ ቸርኬ የሚጣመምበትና የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መደበኛው ትንሽ ለስለስ ይላል። መሪው በፈጣን ኩርባ ላይ ጥቂት የላላ ይመስልዎታል፤ በሳምንት ይለምዱታል።

ሲገዙ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ። 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ይሸከማል፣ 98 ማለት 750 ኪሎ። በዚሁ ልክ 98 የሆነውና ‹ኤክስ ኤል› የሚል የተጻፈበት ጎኑ ጠንከር ያለ ስለሆነ ለኮረኮንቹም ለሻንጣውም ይሻላል፤ ከራን ፍላት ሲወጡ የሚሰማዎትን መላላትም ይቀንሰዋል። የፍጥነት ፊደሉም አለ፤ ‹ኤች› እስከ 210፣ ‹ቪ› እስከ 240፣ ‹ደብሊው› እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እዚህ ማንም በዚያ ፍጥነት አይነዳም፤ ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀት ምን ያህል እንደሚችልም ስለሚናገር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ከተጻፈው በታች አይውረዱ። ቸርኬዎ አያሳስብዎት። ለራን ፍላት የተሠራ ቸርኬ ጎማው እንዳይወልቅ ከፍ ያለ ጉብታ ውስጡ አለው፤ መደበኛ ጎማ ያለ ችግር ይቀበላል። በተቃራኒው፣ ጉብታው የሌለው ቸርኬ ላይ ራን ፍላት ማሰር ነው የማይገባው።

አንዱን ራን ፍላት ሌላውን መደበኛ አድርጎ ማደባለቅ አይሞከር። በተለይ በአንድ አክስል ላይ ቀኝና ግራው ከተለያየ መኪናው ፍሬን ሲይዙና ሲታጠፉ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ዝናብ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስኮርታው ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። መኪናዎ ኤፍ 30 የሚባለው ትውልድ ነው። ቸርኬው አምስት ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክብ 120 ሚሊ ሜትር፣ የመሀሉ ቀዳዳ 72.6 ሚሊ ሜትር ነው። የ17 ኢንች ቸርኬው ስፋት 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከወርዱ መሀል ያለው ርቀት) 37 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈው ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የሚያውቁት ዕቃ ተራ ይሂዱ፤ ያገለገለ አንድ ቸርኬ ይበቃዎታል። ቆንጆ መሆን የለበትም፤ ክብ መሆን ግን አለበት። ሂሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ባላንስ ማሽን ላይ አስቀምጠው ያሽከርክሩትና ዓይንዎን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያድርጉ። ቢወዛወዝ ይተዉት፤ በብየዳ የተጠገነ መስመር ካለውም እንዲሁ። ከዚያ የፊት እግር ላይ፣ በራስዎ ብሎኖች አስረው በእጅ ያዙሩት። ካሊፐሩን (የፍሬኑን መያዣ) ቢነካ ያ ቸርኬ የእርስዎ አይደለም። አምስተኛው ጎማ ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ዋጋ ቢጨምርም ጥቅሙ ይበልጣል፦ ሲበሳብዎት ቀይረው በተለመደው ፍጥነት ጉዞዎን ይቀጥላሉ።

ቀጭኑ ስኮርታም መፍትሔ ነው፤ ቦታ አይፈጅም። ግን ከ80 በላይ አይነዳም፤ የሚፈልገው አየርም ብዙ ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው። በቁመት ከሌሎቹ ስለሚያንስ ደግሞ የተበሳው የኋላው ከሆነ የፊቱን ደህና ጎማ ወደ ኋላ ወስዶ ቀጭኑን ፊት ማሰር ይመረጣል። መኪናዎ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በመጠን ከተለያዩ ዲፈረንሻሉ ያለማቋረጥ ሲሠራ ይሞቃል። አራቱም እግሩ ለሚጎትት ኤክስ ድራይቭ መኪና ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠብቃል።

ሙሉው ስኮርታ ወለሉ ሥር አይገባም። የዚህ ልክ ጎማ ቁመት 66 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቸርኬው ጋር 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የኋላው ኮፈን ውስጥ ጋደም ብሎ ይሄዳል፤ ወለሉ ላይ ባሉት ማሰሪያ ቀለበቶች በጠንካራ ጠፍር ይሰሩት። ያልታሰረ 20 ኪሎ ብረት በግጭት ጊዜ የኋላውን መቀመጫ ገፍቶ ልጆችዎ ላይ ይመጣል። ሻንጣውን ካጣበበብዎት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት ትተውት ለከተማ የጥገና ዕቃውን ብቻ ይያዙ፤ ሐዋሳ በሚሄዱበት ጠዋት ይጫኑት።

ክሪክ ሲገዙ ተጠንቅቀው ይግዙ። የሎንችና ክሪክ ለእርስዎ መኪና ረጅም ነው። ጎማው ሲተነፍስ መኪናው ይበልጥ ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ በሞላ ጎማ የገባው ክሪክ መንገድ ላይ አልገባ ይላል። ስለዚህ ልምምዱን በእውነተኛው ሁኔታ ያድርጉት፦ ግቢዎ ውስጥ አንዱን ጎማ አስተንፍሰው ክሪኩ ሥሩ መግባቱን ይዩ። የሚያርፍበት ቦታ ከበሩ ሥር ከፊትና ከኋላ ያለው አራት ማዕዘን ጥቁር መደገፊያ ነው፤ ከዚያ ውጭ ቆርቆሮው ይታጠፋል። ሜዳው አፈር ከሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጣውላ ከሥሩ ያስፈልጋል።

ብሎኖቹ 17 ቁጥር መፍቻ ይይዛሉ። ከአምስቱ አንዱ የሌባ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ያለ ልዩ ቁልፉ አይፈታም። ያ ቁልፍ መኪናው ውስጥ መኖሩን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ የሌሎቹ ዝግጅት ሁሉ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ብሎኑን ጎሚስታ ዘንድ አስፈትተው በተራ ብሎን ይቀይሩት። ሌላም አለ። የጃፓን መኪና የለመደ ሰው ቢኤምደብሊው ላይ ይቸገራል፤ ቸርኬው የሚንጠለጠልበት ወጣ ያለ ብሎን የለውም፣ 20 ኪሎውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቀዳዳ መፈለግ ይመጣል። 14 በ1.25 ጥርስ ያለው መምሪያ ዘንግ የምትባል ትንሽ ብረት አለች፤ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ጠምዝዘው ቸርኬውን ያንጠለጥሉባታል፣ አራቱን ብሎን ካሰሩ በኋላ ትወጣለች። በጨለማ ዋጋዋ ይታወቃል።

ለከተማው የጥገና ዕቃ የሚሆነው ብዙ አይደለም፦ በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰር፣ የአየር መለኪያ፣ ቀዳዳ የሚወተፍበት የጎማ ክር ከነመውጊያው፣ ፒንሳ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን። ኮምፕሬሰሩን ገዝተው አይጣሉት፤ አንዴ ጎማ ሞልተውበት የመኪናው ሶኬት ፊውዝ መቻሉን፣ ገመዱም የኋላ ጎማ መድረሱን ይዩ። የሚነፋው ማሸጊያ ፈሳሽ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጎን ላይ አይሠራም፣ ጎማው ውስጥ ተጣብቆ የጎሚስታውን ሥራ ያከብዳል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈም አይደፍንም። በክር የተወተፈ ጎማም ቢሆን ዘለቄታው ከውስጥ በእንጉዳይ ቅርጽ ልጥፍ ሲለጠፍ ነው።

ጎማው በሚታሰርበት ቀን ከመኪናው አይራቁ። በብረት ዘንግና በመዶሻ የሚፈታ ቤት ይቅርብዎ፤ የራን ፍላት ጎን እልኸኛ ስለሆነ የሚፈቱት በጉልበት ይሆንና የቸርኬውን ጠርዝ ይቆርሱታል። ረዳት ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጉ። ቫልቩ ብረት ከሆነ ከውስጡ የአየር መቆጣጠሪያ ሴንሰር ሊኖር ይችላል፤ የማሽኑ መጫኛ ቫልቩ ባለበት በኩል እንዳይጫን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ከተሰበረ በኋላ መናገር አይጠቅምም። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ አየር ሲሞላ ከ40 ፒኤስአይ ማለፍ የለበትም፤ አልቀመጥ ካለ አስተንፍሶ፣ ጠርዙን በሳሙና አርሶ፣ እንደገና መሞከር ነው። ኃይል እየጨመሩ ማስገደድ ጎማ ያፈነዳል፣ ሰውም ይገድላል። ብሎኖቹ እንደ ኮከብ እየተሻገሩ በ140 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ይታሰሩ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተው ደግመው ያስጠብቋቸው። እባጩን ያመጣው ጉድጓድ ያንን ቸርኬ አጣሞት፣ የመሪውንም ልክ አዛብቶት ሊሆን ስለሚችል ባላንስና አላይመንት በዚያው ቀን ይሠራ።

በመጨረሻ በመኪናው ስክሪን ላይ የጎማ አየር መቆጣጠሪያውን «ሪሴት» ያድርጉና ይንዱት፤ አዲሱን ልክ የሚማረው ሲሄድ ነው። የአየሩ መጠን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል፤ ለሙሉ ጭነት የተጻፈው ስለሚለይ ለሐዋሳው ያንን ይጠቀሙ። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሞጆ ደርሰው ቢለኩት ከጠዋቱ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ ያገኙታል፤ ሙቀቱ ነው፣ አያስተንፍሱት። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል፣ በማግስቱም በጎደለ ጎማ ይነዳሉ።

ራን ፍላት ፈጽሞ አይረባም ማለታችን ግን አይደለም። ከአዲስ አበባ የማይወጣ፣ በሌሊት ብቻውን የሚነዳ፣ ጎማ መፍታት የማይችል ወይም ጨለማ መንገድ ላይ መቆም የማይፈልግ ሰው ራን ፍላቱን ቢይዝ እንደግፈዋለን። ቦሌ የተበሳ ጎማ ያለ አየርም ቢሆን አያት ይደርሳል፤ በፍጥነት ላይ ድንገት ሲተነፍስም መኪናው ሚዛኑን አይስትም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ መቆጣጠሪያው መሥራት አለበት። ራን ፍላት ሲተነፍስ በዓይን አይታይም፤ መብራቱ ካልነገረው ሹፌሩ 80ውን ኪሎ ሜትር ሳያውቅ ይጨርሰዋል። መሥራቱን ለማወቅ አንዱን ጎማ ከተጻፈው ልክ በሲሶ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ጥቂት መንዳት ነው፤ ሩብ ሰዓት ነድተውት መብራቱ ካልመጣ ያሠሩት።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ አንባቢዎቻችንም ይህንኑ ጥያቄ ያነሳሉ፤ አዲስ አበባን የሞሉት መኪኖች አብዛኞቹ ስኮርታ የላቸውም፣ ጎማቸው ግን መደበኛ ነው። ለእነርሱ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ውስጡ በሚያጣብቅ ሙጫ የተቀባና እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳን ራሱ የሚደፍን ጎማ። ሚስማር ይችላል፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን እንደ ማንኛውም ጎማ ነው።

ከዱባይ ማስመጣቱን ይተዉት፤ አንዱ በተበላሸ ቁጥር ሌላ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል። ለማንኛውም የሚያስመጣ ሰው ካለ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነስቶ ያንብብ፦ ብሪጅስቶን ‹አር ኤፍ ቲ›፣ ሚሼሊን ‹ዜድ ፒ›፣ ኮንቲኔንታል ‹ኤስ ኤስ አር› ብለው ይጽፋሉ። የኮከብ ምልክት ቢኤምደብሊው ጎማውን ተቀብሎታል ማለት እንጂ ራን ፍላት ነው ማለት አይደለም፤ ሻጮች ሁለቱን ያምታቱታል። የምርት ቀኑን አራት ቁጥሮችም አብረው ይጠይቁ።

እባጭ ያወጣውን ጎማ ጎሚስታው ዘንድ ትተውት አይሂዱ። አየር ተሞልቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የሚገዛው ደግሞ አዲስ መግዛት ያቃተው ነው። እዚያው ቆመው ጎኑን በቢላ ያስቀድዱት።